ከእንጦጦ ራስጌ እስከ አቃቂ ግርጌ፦ አንድ ወንዝና የፋብሪካ ከተማው



ከበላያችን ካለው ጋራ ልጀምር። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በአናቱ ላይ የሚጥለው የክረምት ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተንጣሎ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሱዳንን ዘልቆ፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በደቡብ በኩል፣ ማለትም በእኛ በኩል የወረደው ግን ባሕር የሚባል ነገር አያይም። በየካ፣ በቀበናና በግንፍሌ ጅረቶች አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂ ለአዋሽ ያስረክበዋል፤ አዋሽም የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። እንግዲህ በዚህ ውኃ ላይ የምንጥለውን ነገር ጠራርጎ ከአገር የሚያወጣልን የለም። የሚቀበለው የእኛው ገበሬ፣ የእኛው ከብት፣ የእኛው መሬት ነው።

ዛሬ ላነሳ የመጣሁት ይህ ውኃ ሥራ ስለያዘበት ከተማ ነው፤ ስለ አቃቂ። የካ ውስጥ ተሰብስበን ስለ አቃቂ ማውራታችን የሚገርመው ሰው ካለ፣ አቃቂ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ቀደም ብሎ በእኛ ደጅ ያለፈ መሆኑን ያስብ። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ያለው ቁልቁለት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ ወንዙን ሲጠቀምበት፣ ሲያቆሽሸው፣ ሲሸሸው ኖሯል፤ ከግርጌ ሆኖ የሚቀበለው አቃቂ ነው። በአገራችን የፋብሪካ ከተማ ሲባል ድሬዳዋና ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ይነሳሉ። አቃቂ የአዲስ አበባ ጓሮ ተደርጎ ስለሚታይ ታሪኩን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለ ኢንዱስትሪያችን ጥቅምና ዋጋ አቃቂን ያህል የሚያስተምር ከተማ አላውቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከወንዙ ጉልበት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለነበሩት ትንንሽ ፋብሪካዎች ኃይል የሚሰጥ የውኃ ማመንጫ በአቃቂ ወንዝ ላይ ተተከለ። ቀጥሎ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የሐዲዱ ጫፍ አቃቂ ነበር ማለት ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ እዚያ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ዋና ከተማው ያለውን መንገድ የሚጨርሰው በጋማ ከብት ነው።

ሐዲድ በቆመበት ቦታ ሰፈር መቆርቆሩ አይቀርም። አቃቂ ላይ ሜዳ፣ ወንዝና ሐዲድ ገጠሙ። አዲስ አበባ በጋራና በገደል የተከፋፈለች ስለሆነች ሰፊ አዳራሽ ያለው ፋብሪካ የሚያርፍበት ሜዳ እንደ ልብ አይገኝባትም። አቃቂ ግን ጤፍ የሚያበቅል፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ መረሬ መሬት ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያ ቆመበት። ጣቢያውን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ወረራው በተጀመረበት ዓመት ነው። ኢትዮጵያ የደረሰባትን ግፍ ለዓለም ያሰማችው ወራሪው አገር ኩባንያ በሠራው በዚያው ጣቢያ ነበር። ከከተማው ዝቅ ብሎ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት አካባቢ፣ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። የሚያመነጨው 6.6 ሜጋዋት ነው፤ ለዛሬ ሚዛን ትንሽ ቢሆንም ለዚያ ጊዜዋ አዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር።

አቃቂን የፋብሪካ ከተማ ያሰኘው ግን ጥጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቢርላ የተባለው የሕንድ ባለሀብት ቤተሰብ በሽርክና የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አቃቂ ላይ አቋቋመ። የሕንድን የንግድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ፋብሪካ ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ዜጎቿ በውጭ አገር በሽርክና ካቆሟቸው ድርጅቶች የመጀመሪያው ነው ይሉታል። ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው የሕንድ ኢንቨስትመንት አንድ ብሎ የጀመረው ከእንጦጦ በሚወርድ ውኃ ዳር ነው። ይህን የአዲስ አበባ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ የመንግሥት ሆነ። አቃቂ ግን በዚያን ጊዜ የራሱ ጠባይ ያለው የሠራተኛ ከተማ ሆኖ ነበር። የፋብሪካ ከተማ ቀኑን የሚቆጥረው በፈረቃ ነው። ሻይ ቤቱ የሚከፈተው፣ ታክሲው የሚሰለፈው፣ እናት ልጇን ለጎረቤት አደራ የምትሰጠው ፈረቃ ሲቀየር ነው። ከገበሬ ቤት የመጣ ወጣት በወር ደመወዝ መኖርን፣ በማኅበር መደራጀትን፣ ማሽን ሲቆም ምክንያቱን መፈለግን የተማረው እንዲህ ባለው ከተማ ነው። ኋላም በደርግ ዘመን መጨረሻ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተጨመረ፤ ለስኳርና ለሌሎች ፋብሪካዎች የብረት ዕቃ የሚያወጣው እርሱ ነው። ብዙ የመካኒክነት ሙያ ከዚያ ወጥቷል።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ አቃቂና ቃሊቲ አንድ ክፍለ ከተማ ሆኑ፤ የካም በዚያው ጊዜ ክፍለ ከተማ ሆነች። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አቃቂ ቃሊቲ 181 ሺህ፣ የካ 346 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። የላይኛው ሰፈር ሕዝብ ከታችኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፋብሪካው ውስጥ ልግባ፤ ጨርቅ ለምን ወንዝ እንደሚፈልግ ካላየን ቀሪው ነገር አይገባንም። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይገዛል፤ ማጉ ብዙ ጊዜ የእጅ ፈትል ነው። በእጅ መወርወሪያ ሲሸመን ክሩ ብዙ አይፋተግም። በማሽን ሲሆን ግን ድሩ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይመታል፤ እንዳይበጠስ አስቀድሞ ስታርች ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ጨርቁ ተሸምኖ ሲያልቅ ያ ስታርች መውጣት አለበት፤ አለዚያ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ ይታጠባል። ከዚያ የጥጡን ቅባት ለማስለቀቅ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፤ ይታጠባል። በክሎሪን ይነጣል፤ ይታጠባል። ቀለም ይገባል፤ እንደገና ይታጠባል። አንድ ኪሎ ጨርቅ በዚህ ሁሉ መንገድ ሲያልፍ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ሊፈጅ ይችላል። ፋብሪካ ወንዝ ዳር የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው፤ ንጹሑን ለመቅዳት፣ ቆሻሻውን ለመልቀቅ።

ሰው በዓይኑ የሚያየው ቀለሙን ነው። ወንዙ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ሲወርድ «ፋብሪካው መርዝ ለቀቀ» ይላል። ነገር ግን ቀለም የሌለው፣ ከምግብ የማይለየው ስታርችም ወንዝ ይገድላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ውኃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስታርቹን፣ የምግብ ትራፊውን፣ ከሽንት ቤት የወጣውን ሁሉ እየበሉ ይራባሉ። ሲበሉም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ዓሣው ይሞታል፤ እንቁራሪቱ ይጠፋል፤ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉት ባክቴሪያዎች ብቻ ይቀራሉ። እነዚህ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። በበጋ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያልያዘ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያ ሽታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽታ አይደለም፤ ከቀበና በላይ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ የለም። የቤታችን ሽታ ነው።

ወንዙ የሚሞተው አቃቂ ሲደርስ ነው ብለን ራሳችንን ስናጽናና ኖረናል። ጥፋቱ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጓሮ በኩል ወደ ወንዝ የተለቀቀ የሽንት ቤት ቱቦ አለ። መኪና አጥቦ ሳሙናውንና ግራሶውን ወደ ዲች የሚለቅ ላቫጆ አለ። የተቃጠለ ዘይት ሌሊት የሚደፋ ጋራዥ አለ። ገበያው ሲበተን የተረፈው አትክልት፣ ፌስታልና ሃይላንድ ክረምት ላይ በጎርፍ ተጠርጎ ይሄዳል። የአሥሩ ቤት ቆሻሻ ትንሽ ይመስላል፤ የ346 ሺህ ሰው ግን አንድ ትልቅ ፋብሪካ ከሚለቀው አይተናነስም። ቅድም ቁጥሩን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። እርሱም የዛሬ ስንት ዓመት ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኮተቤና በአያት በኩል ምን ያህል ቤት እንደተሠራ የምታዩት ነው።

በዚህ ላይ ከከተማው የመጠጥ ውኃ ከፊሉ ከዚሁ ከወንዙ ራስጌ ይወሰዳል። ገፈርሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው ለገዳዲና ኋላ የመጣው ድሬ ግድብ ሁሉም የክረምቱን ንጹሕ ውኃ የሚይዙት ከአቃቂ ገባር ወንዞች ላይ ነው። ንጹሑን ከላይ እንይዛለን፤ ጠጥተን፣ ታጥበን፣ አብስለን ስንጨርስ የቀረውን እንለቃለን። በበጋ ወራት አቃቂ የሚደርሰው ውኃ አብዛኛው እኛ ተጠቅመንበት የጨረስነው ነው። ከምዕራብ በኩል በሚወርደው በትንሹ አቃቂ ዳር ደግሞ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ነው፤ አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ከ30 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውኃ ይፈጃል። እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች እንደ ስታርቹ በባክቴሪያ ተበልተው የሚጠፉ አይደሉም። ጭቃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በመስኖ ወደ ማሳ ይገባሉ። በአቃቂ ዳር የሚለማ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህን ብረቶች በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ያ አትክልት ተመልሶ ሾላ ገበያ ይመጣል፤ የምንበላው እኛ ነን።

አባ ሳሙኤልም የዚህ ሁሉ ማጠራቀሚያ ሆነ። ደለል ሞላው፤ እንቦጭ ለበሰ፤ ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ሥራ አቁሞ ከአርባ ዓመት በላይ ተኛ። በ2009 ዓ.ም. በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ማሽኑ ታደሰ፤ ውኃው ግን ገና አልታደሰም። የክረምት ስደተኛ ወፎች እስካሁን ይመጡበታል። እነርሱን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው አለ፤ በግድቡ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ከብቱን ውኃ ሲያጠጣ ልቡ አይረጋም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ወንዝ ይድናል ወይ ወደሚለው ልምጣ። ለዚህ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ግን በጣም ሩቅም አይደለም። የጀርመን ኤምባሲ ሰፊ ግቢ የሚገኘው እዚሁ የካ ውስጥ፣ ቀበና አካባቢ ነው። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ አዲስ አበባም ከላይፕዚግ ጋር የእኅትማማች ከተማነት ግንኙነት አላት። እኔ ግን ለአቃቂ የምመርጥለት ላይፕዚግን አይደለም፤ ቩፐርታልን ነው።

ቩፐርታል መካከለኛ ስፋት ያለው የጀርመን ከተማ ነው፤ ነዋሪው 360 ሺህ አካባቢ ነው፤ የ1999ኟን የካ ያህላል። ቩፐር የተባለው ወንዝ ከኮረብታ ተነስቶ 116 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ራይን የተባለውን ትልቁን ወንዝ ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ1527 የአካባቢው መስፍን በዚያ ሸለቆ ለነበሩት ለኤልበርፌልድና ለባርመን ሰዎች ክር የማንጣት ብቸኛ መብት ሰጣቸው። ምክንያቱ የወንዙ ውኃ ለስላሳና ለክር የሚስማማ መሆኑ ነበር። ከክር ማንጣት ወደ ሽመና፣ ከሽመና ወደ ማቅለም ተሸጋገሩ። የሶሻሊዝም ፈላስፋው ፍሬድሪክ ኤንግልስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1820 በዚያው በባርመን ነው፤ አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካ ነበሩ። ገና በ18 ዓመቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ወንዙ ቀይ ሆኖ እንደሚፈስና ቅላቱም ከማቅለሚያ ቤቶቹ እንደሚመጣ ተናግሯል። በደርግ ዘመን የኤንግልስን ስም በየአዳራሹ ስንሰማ ኖረናል፤ የተበከለ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም።

ባየር የተባለው የመድኃኒትና የኬሚካል ድርጅት የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ1863 በባርመን ነው። ሲጀምር መድኃኒት አልሠራም፤ የጨርቅ ቀለም ነበር የሚያመርተው። አስፒሪን በ1897 የተገኘው እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ በኤልበርፌልድ ቤተ ሙከራው ነው። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ መንገድ ማስፋት ሲያቅታቸው ደግሞ በ1901 ከወንዙ በላይ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባቡር ሠሩ። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 10 ያህሉ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፤ ዛሬም ሕዝብ ያመላልሳል። ባርመንና ኤልበርፌልድ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተዋሕደው አንድ ከተማ የሆኑት በ1929 ነው፤ የቩፐርታልን ስም ያገኙት በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1930።

በዚያው በ1930 ሌላ ነገር ተፈጸመ፤ ይህን ንግግር ያዘጋጀሁትም ስለ እርሱ ለመናገር ነው። የቩፐር ወንዝ ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። አባሎቹ በወንዙ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ ከተሞችና ወረዳዎች፣ የውኃ አገልግሎት ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ናቸው። መዋጮ ሁሉም ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ከወንዙ በሚያገኘው ጥቅምና በወንዙ ላይ በሚያሳርፈው ሸክም ልክ ነው። በዚያ ገንዘብ ማኅበሩ ግድብ ይሠራል፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ያስተዳድራል፣ የወንዙን ዳር ይጠብቃል። ሥልጣኑ የሚለካው በወንዙ ነው፤ ከምንጩ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። የሚይዘው ስፋት 813 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ የአቃቂ ተፋሰስ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው። ሊሞከር የማይችል ስፋት አይደለም።

ቩፐር በአንድ ጀምበር አልጸዳም። ማኅበሩ ከተቋቋመ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻ ሆኖ ቀጥሏል፤ ጦርነት መጣ፣ ከተማው ተደበደበ፣ ፋብሪካዎች እንደገና ተነሱ። ነገር ግን ማጣሪያው እየተሻሻለ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ እየተለካ፣ መዋጮው ሳይቋረጥ ሲሄድ ዓሣው ተመለሰ። ዛሬ በዚያ ወንዝ ዓሣ ይጠመዳል። ኤንግልስ ቀይ ሆኖ ያየው ወንዝ እርሱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕግ የለንም ማለት አንችልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች። ግንባታም አለ። ቃሊቲ ላይ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ ቆሟል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት ነው የተነሳው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የቀበና ወንዝ ዳርም ሲለማ አይታችኋል።

ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ወንዝ ዳር አበባ መትከልና የእግረኛ መንገድ ማንጠፍ የወንዙን ውኃ አያጠራም። ውኃው የሚጠራው መሬት ውስጥ በተቀበረ፣ ማንም ሪባን በማይቆርጥለት የፍሳሽ ቱቦ ነው። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ከቤታችን ተነስቶ እርሱ ጋ የሚደርስ መስመር ካልተዘረጋ ለየካ ጅረቶች የሚያደርገው ነገር የለም። መስመር በሌለበት ሰፈር ቦቴ ይጠራል፤ ቦቴው ዘገየ፣ ዋጋውም ከበደ ሲባል ሌሊት ወደ ጅረቱ ይለቀቃል። ለዚህ ድሀውን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግፍ ነው። ባለ አምስት ፎቅ ቤት ሠርቶ ቱቦውን ወደ ወንዝ የዘረጋም አለ።

የጎደለን ሌላው ነገር ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል ወንዙን እንደ አንድ ነገር የሚያይ አካል ነው። የአዋሽ ተፋሰስ አስተዳደር የሚመለከተው ከ110 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ምድር ነው፤ ለእርሱ የቀበና ላቫጆ እንደ አሸዋ ቅንጣት ነው። ክፍለ ከተማው ደግሞ የሚያየው ድንበሩን ብቻ ነው፤ ቆሻሻው ድንበር ሲሻገር ጉዳዩ የሌላ ይሆናል። በዚያ ላይ ተፋሰሱ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ የተከፈለ ነው። የምደግፈው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሁለቱ አስተዳደሮች፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ፋብሪካዎቹና በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች አባል የሆኑበት፣ እያንዳንዱ እንደ ጥቅሙና እንደ ሸክሙ የሚያዋጣበት የአቃቂ ወንዝ ማኅበር ይቋቋም። ከተማው ለሚጠጣው ንጹሕ ውኃ የራስጌውን መሬት ለሚጠብቁ ይክፈል። ቆሻሻ የሚለቅ ግርጌ ላለው ይክፈል። ቅጣት የሚመጣው ሰው ሲያዝ ብቻ ነው፤ መዋጮ ግን በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህ ሥራውም በየወሩ ይሠራል።

የራስጌውን መሬት ስል እንጦጦን ነው። ባሕር ዛፍ ወደዚህ የመጣው በምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትነሳ በደረሰችበት ጊዜ ነው። ዋና ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ይህ ዛፍ ነው፤ ውለታው አይካድም። ሆኖም ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ቅጠሉም በየቀኑ ስለሚጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምት ዝናብ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ አፈር ይዞ ይጋልባል። ያ አፈር ነው አባ ሳሙኤልን የሚሞላው። በምትኩ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ሲተከል ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አቃቂ ላይ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ዋና ምንጮች አንዱ ናቸው። ከዚያ የሚሳበው ውኃ በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ከተማው ይወጣል። በሰሜኑ ደጋ የሰረገው ዝናብ በዓለቱ ውስጥ እየሄደ ያንን የከርሰ ምድር ውኃ ይመግበዋል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ የሚተከል ችግኝ ለጥላ ብቻ አይደለም፤ አቃቂ ላይ ለሚሳበው ውኃ ነው።

ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ተራራው ሲጠበቅ መጀመሪያ የሚባረሩት እነርሱ ናቸው። ይህ እንዳይሆን አጥብቄ እለምናለሁ። ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ችግኙን እንዲያሳድጉ፣ እርከኑን እንዲጠብቁ በደመወዝ ይቀጠሩ። ቅድም የጠቀስኩት መዋጮ ለዚህም ይበቃል። ግርጌ ላይ ፋብሪካ ሥራ እንደሰጠ ሁሉ ራስጌም ውኃ ጥበቃ ሥራ ይስጥ።

እስከዚያው ግን የማኅበሩን መቋቋም እየጠበቅን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የሽንት ቤታችሁ ቱቦ የት እንደሚያበቃ ጠይቁ፤ የምትከራዩ ከሆነ አከራያችሁን ጠይቁ። መኪና የምታሳጥቡ ከሆነ የላቫጆው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ ወደ ዲች ከሆነ ሌላ ላቫጆ ፈልጉ። የዕድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ የፍሳሽ መስመር ጥያቄን በአጀንዳ አስይዙ። አንድ ቤት ብቻውን ቢያመለክት ላይሰማ ይችላል፤ ሰፈር ተፈራርሞ ወረዳ ሲሄድ ግን ይሰማል። አስተማሪዎች ልጆቹን አቃቂ ድረስ ወስዳችሁ ወንዙን አሳዩአቸው። የፋብሪካውን ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ ቆስጣ የሚያጠጣውን ገበሬ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ቀበና ድልድይ ላይ አቁሟቸው፤ የሚወርደው ውኃ ነገ የት እንደሚደርስ ንገሯቸው።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ አሁን ተናገሩ።